ስለ አቃቂ ቃሊቲ ምድርና ውሃ፤ ለነጋዴዎች የቀረበ አሳብ



አቃቂ ቃሊቲ ለብዙዎቻችን የመጋዘንና የጉምሩክ ሰፈር ነው። በነጋዴ ጸሐፊነት የምንሠራ ሰዎች ስሙን በዲክላራሲዮንና በጭነት ወረቀት ላይ ዘወትር እንጽፈዋለን። ነገር ግን ምድሩ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡም በምን እንደሚተዳደር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህን ማወቅ ግን የንግዳችንን ጥቅም የሚነካ ቁም ነገር ነው።

ሰፈሩ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በከተማው ዝቅተኛ ስፍራ ይገኛል። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ተራሮች ተነሥተው ከተማውን ካቋረጡ በኋላ ወደዚሁ ይወርዳሉ፤ ከአባ ሳሙኤል ግድብም አልፈው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ሜዳው መረሬ አፈር ስለ ሆነ ለጤፍና ለሽምብራ ይስማማል። በወንዞቹ ዳር ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ጎመንና ሰላጣ በመስኖ እያለሙ ለከተማው ገበያ ያቀርባሉ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክፍለ ከተማው ሕዝብ 181,270 ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች ሁሉ ያነሰ ሲሆን፥ የመሬቱ ስፋት ግን ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስለ ተሠሩ ነዋሪው በርክቷል።

ሀብቱ የመጣው በመንገድ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። ወደ ወደቡ የሚያደርሰው በር ይህ በመሆኑ የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረት፥ የቆዳና የምግብ ፋብሪካዎች በዚሁ ተተከሉ።

ይሁን እንጂ አቃቂ ከተማውን የሚያገለግለው በሁለት ወገን ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይቀዳል፤ የከተማው ፍሳሽ ደግሞ በወንዞቹ ወደ አቃቂ ይወርዳል። እንግዲህ የምንጠጣበትንና የምንደፋበትን ስፍራ አንድ አድርገነዋል ማለት ነው።

«ፍሳሽ ማጣራት ወጪ ያበዛል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ወጪ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን የውጭ አገር ቆዳ ገዢ ዛሬ ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ ይጠይቃል፤ የከተማው ሸማችም በአቃቂ ጎመን ላይ እምነቱ ከጎደለ ገበሬውም ቸርቻሪውም ይከስራሉ። ያልተከፈለ ወጪ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰው መዝገብ ተዛወረ እንጂ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፥ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚመስለው ጉዳት ኋላ በአንድነት ይጠየቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ጎረቤታሞች የሆኑ ፋብሪካዎች በየግላቸው የማይችሉትን ማጣሪያ ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ያቁሙ። ሁለተኛ፥ መጋዘን የሚያከራይም የሚከራይም የፍሳሹን ነገር በውሉ ላይ በግልጽ ያስፍር። ሦስተኛ፥ ላኪዎች ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት የአምራቹን ፍሳሽ አያያዝ ይጠይቁ፤ የነጋዴ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከደንብ ፈጥኖ ይሠራልና።

አቃቂ በሩን ከፍቶልን ዕቃችንን ያስገባል፥ ያስወጣል። የበሩን ደጃፍ በንጽሕና መጠበቅ የባለ ዕቃው ግዴታ ነው።