እልልታው ለዕድሜ ነው ወይስ ለቀለበት?

በአሜሪካ በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰባችን ዘንድ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ወለደች ሲባል የሚሰማው ፍርድ ፈጣን ነው፤ «ወላጆቿን አዋረደች»። አራስ የሚጠይቅ ይጠፋል፤ ገንፎ አይገነፋም፤ ቤተሰቡም ከማኅበርና ከሠርግ ይርቃል። ይህ ፍርድ ርኅራኄ የጎደለው ነው፤ ከዚያም በላይ ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

የብዙዎቻችን አያቶች የበኩር ልጃቸውን የወለዱት በዚሁ ዕድሜ ነው። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርግም፣ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ለሕፃን ሙሽራ እልል ያለ አንደበት፣ ባል የሌላትን እኩያዋን የሚያወግዘው በምን ሚዛን ነው? የሚያሳስበን የልጅቱ ለጋነት ቢሆን ኖሮ፣ ቀለበት ያሰረችውም ታሳስበን ነበር። ቁጣችን የሚነሣው «ሰው ምን ይለኛል» ከሚለው ፍርሃት ነው። ለዚህም ምስክሩ፣ ስለ ሕፃኑ አባት የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እሱ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ስሙም አይነሣም። ዕድሜው የገፋ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ሕግ ጉዳይ ሊሆን ሲገባ በሽምግልና ተሸፋፍኖ ይቀራል።

የኀፍረት ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው፣ ከ20 ዓመት በታች ያሉ እናቶች በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሉት ይልቅ ለኤክላምፕሲያና ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የማሕፀን ኢንፌክሽን የተጋለጡ ናቸው። እርግዝናዋን እንድትደብቅ የተገደደች ልጅ ሐኪም ፊት የምትቀርበው ዘግይታ ነው። በ1972 የወጣው፣ «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ነፍሰ ጡር ተማሪን እንዳያባርር፣ ከወሊድ በኋላም ወደ ቦታዋ እንዲመልሳት ያስገድዳል። ሕጉ የከፈተላትን በር ግን ልጃችንን ሩቅ ዘመድ ቤት በመሸሸግ እኛው እንዘጋባታለን።

«ከተቀበልናት ሌሎቹን እናደፋፍራለን» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉ ሴቶች የሚመዘገበው ወሊድ በ1991 ከ1,000 ወደ 62 ገደማ ነበር፤ በ2023 ወደ 13 ወርዷል። ይህ ሁሉ የሆነው ትምህርት ቤቶች ነፍሰ ጡርን ማባረር በተከለከሉበት ዘመን ነው። ርኅራኄ ቁጥሩን አላበዛውም። ልጆችን ከዚህ የሚጠብቃቸው ዕውቀትና ከወላጅ ጋር ያለ ግልጽ ንግግር ነው።

ስለዚህ የማኅበረሰብ ማኅበራት ለማንኛዋም አራስ የሚያደርጉትን ለእርሷም ያድርጉ፤ ገንፎው ይገነፋ፣ ቤቷ ይጠየቅ። የሃይማኖት አባቶች ከዐውደ ምሕረትና ከመስጊድ መድረክ ሐሜትን ይገሥጹ። እንግሊዝኛና ሕግ የሚያውቁ ወገኖች ከወላጆቿ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ ይሂዱ። ሕፃኑ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ቤቱ በሰው ይሙላ። ያቺ እናት ገና ልጅ ናት፤ ፊታችንን ስናዞርባት የምንጥለው ሁለት ልጆችን ነው።