ቱታ ሁሉ መከላከያ ነውን?

ከሮቤ እስከ ሲናና፣ ከጎባ እስከ አጋርፋ ስንዴው ሲያቆጠቁጥ አረም ማጥፊያ፣ ዋግ ሲገባ ደግሞ የዋግ መድኃኒት ይረጫል። መርጫውን በጀርባው የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው። ደግ አሠሪ ካገኘ አንዲት ስስ የጥጥ ቱታ ትሰጠዋለች፤ ባለ እርሻውም «አለበስኩት» ብሎ ይኩራራል!

የጥጥ ቱታ ከአቧራ ያድን ይሆናል። መርዙን ግን እየጠጣ ከገላ ጋር ያጣብቀዋል፤ ብዙው መርዝ የሚገባውም በአፍንጫ ሳይሆን በቆዳ ነው። ማታም ያው ቱታ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ይታጠባል።

መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። አይሶ 27065 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የረጪዎችን ልብስ በሦስት ማዕረግ ይከፍላል፤ ያልተበረዘ መርዝ ለሚነካ ሰው ሦስተኛውን ይመድባል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ ልብስ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። «የቀን ሠራተኛ ነው» ማለት ከዚህ ግዴታ አያወጣም።

«ብንሰጣቸውም አይለብሱም» የሚሉ ጌቶች አሉ። እውነት ነው፣ በቀትር ያፍናል። እንግዲያው በማለዳ ይረጭ! ሒሳቡም በመርጫ ቁጥር ከሆነ ይቅር፤ የሚሮጥ ሰው ጓንት አያጠልቅም።

እኛ ተማሪዎችስ? ስንት ሊትር ለሄክታር እንደሚበቃ ሸምድደናል፤ ስንቱ በረጪው ጀርባ ላይ እንደሚንጠባጠብ ግን ማን ጠየቀ? ማኅበራችን ከቦና ርጭት በፊት አቤቱታ ይጻፍ፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም በርጭቱ ዕለት ከማሳው ይገኝ፣ ከመዝገብ ቤት አይደለም።