«ጎመን በጤና» ያቆመው መድረክ የለም

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት አልጠላውም። ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ የቤት ኪራይ ላለበት የመንግሥት ሠራተኛም ደግ ምክር ነው። ሥጋው ይቅርብኝ፣ ሰላሜን ብቻ አትንኩብኝ የሚል ሰው ጅል አይደለም። የእኔ ጠብ ተረቱ ከጓዳ ወጥቶ መድረክ ላይ ሲሰየም ነው። ቴአትር ቤት ሲገባ፣ ሙዚቃ ክፍል ሲገባ፣ የውዝዋዜ መለማመጃ ሲገባ ምክርነቱ ይቀርና መጋኛ ይሆናል።

እኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሁለት ምላስ ያለን ሰዎች ነን። በሕይወት ያለውን የመድረክ ሰው «አርፈህ አንዱን ያዝ፣ ምን ያቅበዘብዝሃል?» እንለዋለን። ሲሞት ግን ያው ሰውዬ በአንድ ጀንበር «ፈር ቀዳጅ፣ ሁለገብ፣ የጥበብ ዋርካ» ይሆናል። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አድምጡት። ተወለደ፣ ተማረ፣ ደረሰ፣ ተወነ፣ ተሸለመ። መቼ ወደቀ? የት አፈረ? የትኛው ሥራው ባዶ ወንበር ፊት ታየ? ይኼ አይነበብም። ወጣቱ ታዲያ ይኼንን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ፣ ታላላቆቹ ከእናታቸው ማሕፀን ጭብጨባ እየሰሙ የወጡ ይመስለዋል። እሱ ደግሞ ትናንት መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶበታል። «እኔማ አልተፈጠርኩበትም» ይልና ይተወዋል።

እስቲ ያልተነበበውን እናንብብ።

ዘመናዊ ቴአትራችን ሲወለድ እልልታ አልጠበቀውም። በ1910ሮቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። እንስሳት እየተናገሩ የሹማምንቱን ብልሹነት የሚነቅፍ ተውኔት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መኳንንቱ ፊት ታየ። ምን ተገኘ? እገዳ! በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ገና ዳዴ ሳይል አፉን ተያዘ። በጊዜው ሚዛን ብንለካው የመጀመሪያው ተውኔታችን የከሸፈ ሥራ ነው። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም የበቀሉት ያ ክሽፈት በጠረገው መሬት ላይ ነው። ደራሲውም ቢሆኑ ታግደው አልቀሩም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው።

አስናቀች ወርቁን እንውሰድ። እሷ መድረክ ላይ የወጣችው፣ የሴቷን ቦታ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ የነበረበት ዘመን ገና ባልጠፋበት ጊዜ ነው። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ማለት ስሟን ገበያ አወጣችው ማለት ነበር። ክራሩን ያስተማራት ትምህርት ቤት የለም፤ ራሷ ናት ከጣቷ ጋር ስትጣላ ስትታረቅ የለመደችው። ተወነች፣ ዘፈነች፣ ተወዛወዘች፣ ክራር ደረደረች። በ2004 ዓ.ም ስታርፍ «እመቤት» አልናት። ስትጀምር ለእንደሷ ዓይነቷ ሴት የምንሰጠውን ስም ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

እዚህ ላይ «አንዱን ሳትይዝ ሌላውን» የሚሉኝ አይጠፉም። ለእነሱ ሌላ ተረት አለኝ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል»። ልብ በሉ፣ ተረቱ ባላው አይሰበርም አይልም። መሰበሩን አምኖ ነው ሁለት የሚያስተክለው። ሁለገብነት የምንለው ነገር ከላይ የወረደ ጸጋ ብቻ መስሎን እናደንቃለን እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የስብራት ልጅ ነው። በአንዱ በኩል የወደቀ ሰው በሌላው በኩል ለመነሣት ሲፍጨረጨር የሚያወጣው ክንድ ነው።

ይኼ ደግሞ ፈረንጅ ያመጣብን አይደለም። አዝማሪውን እዩት። ማሲንቆ ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ያሽሟጥጣል፣ ያስቃል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የወረወረለትን ሳይዝ ከቀረ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት የለም። በየምሽቱ፣ በየቤቱ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊወድቅ የሚችል ባለሙያ ነው። ሲብስም አንገቱን ያስይዛል። በ1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ከተቃጣው የግድያ ሙከራ በኋላ ጣሊያኖች ባሕታዊና ጠንቋይ ሲለቅሙ አዝማሪውንም ለቅመው ገድለዋል። አዝማሪነትን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን፤ ጠላት ግን አቅሙን አውቆታል።

ሙላቱ አስታጥቄ ከኢትዮጵያ ወደ ዌልስ የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። መሐንዲስ ሊሆን የተላከ ልጅ «ሙዚቃ ይዣለሁ» ብሎ ሲጽፍ በየትኛውም የኢትዮጵያ ቤት ምን እንደሚባል ለአንባቢ አልነግርም። ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አጋባ። አገር ቤት ይዞት ሲመጣ «ዜማችንን አበላሸው» ያሉት ጥቂት አልነበሩም። በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የቀዳው አልበም አለ፤ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃውን ለዓለም ጆሮ ያደረሰው ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። መሐሉ ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው! በዚያ ሁሉ ዘመን አቀናበረ፣ አስተማረ፣ ሬዲዮ ላይ ሠራ፣ ተጫወተ። አንድ ባላ ብቻ ተክሎ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጊዜ ስሙን አናውቀውም።

ተስፋዬ ገሠሠም ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ የአጭር ልብ ወለድ ደራሲና መምህር ነበር። «ዕቃው» የተባለው ተውኔቱ በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ለእስር ዳርጎታል። ወጥቶ ግን መድረኩን አልከዳም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት እንዲቆም ከደከሙት አንዱ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ድፈሩ!» ብዬ የምጨርስ ሊመስለው ይችላል። አልጨርስም። ይኼንን የሚሉ ሞልተዋል። አዳራሽ ተከራይተው፣ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ «መውደቅን አትፍሩ፣ ሥራችሁን ጣሉና ሕልማችሁን ተከተሉ» ይላሉ። ቀላል ነው። ከተናጋሪው ኪስ የሚወጣ ነገር የለማ! መውደቅ እኮ ዋጋ አለው፤ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የምሳ ዋጋ አለው። ጥያቄው ወጣቱ ይድፈር አይድፈር አይደለም። የሚደፍረው ልጅ ሲወድቅ ሒሳቡን ማን ይከፍላል ነው ጥያቄው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሣላቸው የቅኔ ቤቱን ነገር ነበር። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ያመጣትን ለመምህሩ ይናገራል። ትወድቃለች። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ነቅሶ ያሳየዋል፣ ያርመዋል፤ ተማሪው ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። እሷም ትወድቃለች። እንዲህ እየወደቀ ነው ሦስት ቤት ወዳለው፣ ከዚያም ወደ ረጃጅሙ የሚሻገረው። ግን ስንቁ ከየት ነው? አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው ቁራሽ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ቁራሹን የምትሰጠው እናት «ለመሆኑ የዛሬው ቅኔህ ሰመረልህ?» ብላ አትጠይቀውም። የተሳካለትንም ያልተሳካለትንም እኩል ትሰጣለች። ያ ቁራሽ እንጀራ የውድቀት በጀት ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የማያውቀው ልጅ እየተሳሳተ እንዲማር ሲቀልብ ኖሯል።

በመድረኩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ማህሙድ አህመድ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ሲጠርግ አድጎ፣ አሪዞና በሚባል ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ በመቅረቱ «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ወጣ። ይኼንን ሁሉም ያወራል፤ ደፋሮቹ ሰባኪዎችም ይወዱታል። የማያወሩት ከዚያ የቀጠለውን ነው። ማህሙድ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። ወር ሲሞላ ደመወዝ፣ መለማመጃ፣ መሣሪያ፣ የሚያርም ታላቅ ባለሙያ አገኘ። ድፍረቱ የአንድ ምሽት ነው፤ ማህሙድን ማህሙድ ያደረገው ግን የዓመታት ቤት ነው። ቤቱ ገነት ነበር አላልኩም። የዚያው ክፍል ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል። የምለው፣ ከወታደርም እጅ ይሁን ከቤተ መንግሥት፣ የሚወድቁበት ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ነበር ነው።

ዛሬስ? አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ትጽፋለች፣ ትተውናለች፣ ድምፅም አላት። ተመርቃ ተውኔት ጻፈችና ወደ አንድ ቴአትር ቤት ወሰደች። ገምጋሚዎቹ «ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ይገባበታል ወይ?» አሏት። ስፖንሰር ፍለጋ ሄደች፤ «ማን ይተውንበታል?» ብለው የታወቀ ፊት ጠየቋት። አዳራሽ ልትከራይ ብትል ቀብድ ተባለች። እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም የጠየቁት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሲደመር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፦ መጀመሪያ ተሳክቶልሽ ነይ። ልጅቷ አሁን የሠርግ መድረክ ትመራለች። ሥራ ነው፣ አይናቅም። ተውኔቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። ይውደቅ ይቁም እንኳ አላወቅንም፤ እንዲወድቅም ዕድል አልሰጠነውም።

እኛ ተመልካቾቹስ? የወዳጃችን ልጅ ሥራ ሲታይ «የግብዣ ካርድ የለህም?» እንላለን። በነፃ ገብተን፣ በመሐል ስልካችንን ነካክተን፣ ሲያልቅ «በርቱ!» ብለን ጨብጠን እንወጣለን። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ «ምኑ ቴአትር ነው ይኼ?» የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ፊት ለፊት ግን የት ላይ እንደላላ የሚነግረው የለም። ሐያሲ ተብዬውም ወይ ወዳጁን ያሞግሳል ወይ ዝም ይላል። የቅኔ መምህሩን ጨዋነት አጥተን የሐሜተኛውን ጨዋነት ያዝን።

«ታዲያ ለተበላሸ ሥራ ሁሉ እናጨብጭብ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። ኧረ በፍጹም! ወድቆ የተገኘና ተኝቶ የተገኘ ይለያያሉ። ሳይለማመድ፣ ቃል ሳያጠና፣ ከፈረንጅ ፊልም ገልብጦ የመጣውን «ሙከራ ነው» እያልን እንድንሸከም አልጠይቅም። የቅኔ መምህሩ የጎደለችውን ቤት ሞልታለች አይልም። አርሞ ግን አያባርርም። ነገ ሌላ ይዘህ ና ይላል። እኛ የጎደለን ይኼ «ነገ ና» ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩት ቴአትር ቤቶቻችን ከሳምንቱ ቀናት አንዷን፣ ገበያ የሌለባትን ማክሰኞንም ቢሆን፣ ስም ለሌለው ሥራ ይልቀቁ። ሰው ይገባበታል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚያ ቀን አይጠየቅ። ስፖንሰሩ ከአሥር ታዋቂ ፊት በኋላ አንድ ያልታወቀ ፊት ይሞክር። ወላጅም «ጎመን በጤና» ከማለቱ በፊት፣ ልጁ ሁለተኛ ባላ እስኪተክል ድረስ የማታ እራቱን ያለ ነገር ያብላው። እኛም እንክፈል። ለሚሳካው ሥራ ሁሉም ይከፍላል፤ የሚቸግረው ለሙከራው የሚከፍል ነው።

በሚቀጥለው ቀብር ላይ ቆመን «ሁለገብ ነበር» እያልን ከማልቀሳችን በፊት፣ ገና እየተንገዳገደ ያለውን ልጅ አንድ ቀን ሄደን እንየው። የግብዣ ካርድ ሳንጠይቅ፣ ትኬት ቆርጠን። የላላበትንም እዚያው፣ ዓይኑን እያየን እንንገረው።