ልጅ የሚያስተምር ደመወዝተኛና ግብሩ



በመልካሳ የምርምር ማዕከል ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በወር 10,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አንዱ ላጤ ነው፤ ሌላዋ ልጇን ጅማ ዩኒቨርሲቲ የላከች እናት ናት። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከሁለቱም እኩል 1,650 ብር ያስቆርጣል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱን አንክድም፤ አዋጁ ግን ስንት ልጅ ታስተምሪያለሽ ብሎ አይጠይቅም። የመሳፈሪያው፣ የፎቶ ኮፒው፣ የሳሙናው ወጪ የእሷ ነው። ልጁም ሥራ ሲይዝ ከ1995 ጀምሮ የመጣው የወጪ መጋራት ዕዳ ይጠብቀዋል።

ከመረጣችሁን፣ የተማሪነት ማስረጃ ለአሠሪው ያቀረበ ወላጅ ግብር ከሚታሰብበት ደመወዙ በአንድ ልጅ 1,000 ብር እንዲቀነስለት ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት እናቀርባለን። ለዚች እናት በወር 250 ብር ይቀርላታል። ብዙ አይደለም፤ ለእሷ ግን የልጇ መሳፈሪያ ነው።