ለመሆኑ የመናፈሻው በር የተከፈተው ለማን ነው?

በዓል ባለፈ ማግስት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ወይም እንዲሁ ፀሐይ በወጣችበት እሑድ፣ የአዲስ አበባ ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «ዛሬ የት ትወስደናለህ?» ጠያቂው ሕፃን ነው፤ ጥያቄው ግን የትልቅ ሰው ነው። አትሳቁ! ልጅ የት ይጫወት የሚለው ነገር፣ ቦታው የማን ነው፣ በሩ ላይ ስንት ይከፈላል፣ ዋጋውንስ የቆረጠው ማን ነው የሚሉትን ሁሉ አዝሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዛሬ ስለ መናፈሻ በር እናውራ።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን፤ ተቃዋሚ መሆን ዓይንን መጨፈን አይደለምና። ተራው ሰው በአጥሩ ጥግ ቆም ብሎ ማየት እንኳ ይፈራው የነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ተከፍቷል። የዙፋኑ ቤት፣ የግብር አዳራሹ፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያጎረበት ምድር ቤት፣ በዚያ ላይ የእንስሳት ማቆያው፤ ለልጅም ለአዋቂም የሚታይ ሞልቷል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ወዳጅነት ፓርክም የዚያው ሰሞን ነው። መልካም! የተከፈተ ቤተ መንግሥት ከተዘጋ ቤተ መንግሥት ይሻላል።

በሩ ግን ዋጋ ነበረው። አንድነት ፓርክ ሲከፈት የተራው ጎብኚ መግቢያ 200 ብር፣ «ቪአይፒ» ለሚባለው 1,000 ብር ነበር። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ስንት ነበር? 1,100 ብር! እስቲ እናስላው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ቤት ትተው ሁለቱ ብቻ ቢገቡ 400 ብር፤ ከወር ደመወዙ ከሲሶው በላይ ማለት ነው። ታክሲው፣ ውኃው፣ የልጆቹ ከረሜላ ገና አልተቆጠረም። ያ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ንቅንቅ ሳይል ቆይቶ 4,760 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ ጤፉና ዘይቱ የት እንደደረሱ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን የማነሣው እንዲያው ለመቃወም ያህል አይደለም። የመጀመሪያዋ የቤተሰብ ሽርሽር በአንድ ደሀ ልጅ ልብ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ስለማውቅ ነው።

የእኛ ቤት የመጀመሪያ ሽርሽር በ1975 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር፤ እኛ አምስት ልጆች ነን። እናቴ ድፎውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻዩን በፔርሙስ ይዛ፣ ፊታችንን በቫዝሊን አብለጭልጫ፣ ኮንጎ ጫማችንን በሳሙና አጥባ፣ ከቂርቆስ ተነሣን። በአንበሳ አውቶቡስ ተሳፍረን አንበሳ ልናይ! ትኬት ቆራጩ የሚቀበለን ሳንቲም ላይም ያው አንበሳ አለ። ታናሽ እህቴ ሳንቲሟን ጨብጣ፣ «የምናየው ይኼኛውን ነው?» እያለች መንገዱን ሙሉ አባቴን አደረቀችው።

አንበሳ ግቢን ያቋቋሙት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በ1940 ዓ.ም.። እኛ ስንደርስ ንጉሡ የሉም፤ አንበሶቹ ግን አሉ። ጎፈራቸው እስከ ደረታቸው ወርዶ ጥቁር ነው። የሥጋው ሽታ ገና ከሩቅ ይቀበላል። ከፍርግርጉ ፊት እንደቆምን አንዱ አጓራ። ምን ልበላችሁ፣ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚገባው! ትንሹ ወንድማችን ከእናቴ ነጠላ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞህ፣ ምን ያስፈራሃል? የእኛው አንበሳ ነው» አለው።

የእኛው! አባቴ የራሱ የሚለው ቤት አልነበረውም፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነበር። ያን ዕለት ግን አንበሳ ነበረው። ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ድፎውን ስንቆርስ ከመሥሪያ ቤቱ አለቆች አንዱ ከነልጆቹ በአጠገባችን አለፈ። ተያዩ፤ ሰላም ተባባሉ። የአለቃውም ልጆች የሚያዩት ያንኑ አንበሳ ነው፤ የገቡትም በዚያው በር ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስለ እኩልነት ከቀበሌው ስብሰባ ይልቅ የተማርኩት ከዚያች ሰላምታ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ አባቴ በሩ ላይ ሲከፍል ፊቱ አልጨፈገገም። ትምህርት ቤት የደብተር ዋጋ ሲጠየቅ ይጨፈግግ ነበር፤ ሱቅ ዱቤ ሲቆጠር ይጨፈግግ ነበር። በዚያ በር ላይ ግን ለሰባታችንም ከፍሎ፣ ኪሱን ሳይዳብስ ገባ።

እርግጥ ነው፣ ያ ዘመን ደግ ነበር አልልም። ቀይ ሽብር ካለፈ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር፤ እናቶች ከበራቸው የተገደለባቸውን ልጅ ስም ጮክ ብለው አይጠሩም ነበር። አንበሶቹም ቢሆኑ አልተደላቸውም፤ በጠባብ ክብ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲሉ መዋል ነበር ዕጣቸው። በኋላም የባሰ ታየ። በ1999 ዓ.ም. ማቆያ ቦታና ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ግልገሎቹ በመርዝ ይገደሉ እንደነበር በዓለም ዜና ተሰማ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ተመራማሪዎች የ15ቱን አንበሶች ዘረ መል መርምረው፣ ከሌላው አፍሪካ አንበሳ የሚለይ የራሳቸው ዘር እንዳላቸው አሳተሙ። አያችሁ የእኛን ነገር! ሌላው ዓለም ብርቅ ነው ያለውን እኛ የምናበላው አጣን። ደሀ የሚዝናናበት ቦታ በጀት ሲያጥረው ማን ይጮህለታል?

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ እንመለስ። በምኒልክ ዘመን በዚያ ግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ጥሬ ሥጋውን ቆርጦ፣ ጠጁን ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ሥርዓቱ የደረጃ ነበር፤ መኳንንቱ ከላይ፣ ተራው ወታደር ከታች። ቢሆንም የታችኛው ሰው ከፍሎ አልገባም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሸገርን ለማስዋብ ተብሎ «ገበታ ለሸገር» ሲዘጋጅ፣ የአንድ ሰው የእራት ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ጉድ እኮ ነው! ድሮ በልቶ የሚወጣበት በር፣ አሁን ከፍሎ የሚገባበት ሆነ። እንጦጦም ቢሆን በሩን ካለፉ በኋላ የፈረስ ግልቢያው ለብቻ፣ በገመድ መንሸራተቱ ለብቻ ይከፈልበታል። የከፋይ ልጅ በገመዱ ሲበር የሌላው ልጅ አንጋጦ ያየዋል። ታዲያ ለዚህኛው ልጅ መናፈሻው ምን አስተማረው? ሰው በዓይነት በዓይነቱ እንደሚከፈል ካልሆነ በቀር?

«መናፈሻ ያለ ገንዘብ ይጠበቃል ወይ? አትክልቱን ማን ያጠጣል? አንበሳውን ማን ያበላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ገንዘብ ያስፈልጋል። እኔም ሁሉም በነፃ ይሁን አላልኩም። ግን «ቪአይፒ» የሚባል መደብ ሲፈጠር፣ የውጭ አገር ሰውም በዶላር ሲከፍል፣ ያ ገቢ የተላላኪውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ልጆች በወር አንድ ቀን ማስገባት እንዴት ያቅተዋል? ባለሀብቱ ለከተማው እራት 5 ሚሊዮን ከከፈለ፣ ለልጆቹ አንድ ቅዳሜ ይነፍጋል?

ሕዝቡ መናፈሻ አይወድም እንዳይባል ማስረጃው ደጅ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር አደባባዮችና ፏፏቴዎች ሲሠሩ፣ ትኬት የሚቆርጥ ስላልነበረ ማታ ማታ ልጁን አስከትሎ ያልወጣ የለም። ይህም ይመስገን። ግን ለዚሁ ልማት ከፒያሳና ከሌላውም ሰፈር ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደው ቤተሰብ፣ ዛሬ ልጆቹን መሐል ከተማ ለማምጣት ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት። ቤቱ ከነበረበት ቦታ ላይ የበቀለውን አበባ ለማየት የትራንስፖርት ሒሳብ ይሠራል።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። አንደኛ፣ የመንግሥት መናፈሻዎች ሁሉ በወር ቢያንስ አንድ ቀን ለከተማው ልጆችና ለወላጆቻቸው በነፃ ይከፈቱ፤ ቀኑም ቀድሞ ይነገር። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተራ፣ በአውቶቡስ እየተወሰዱ ይጎብኙ፤ የአገሩን ታሪክ በመስታወት ውስጥ ካስቀመጡት ዘንድ ባለታሪኩ ልጅ ይይ። ሦስተኛ፣ የመግቢያ ዋጋ ሲቆረጥ የዝቅተኛው ደመወዝ ተከፋይ ቤተሰብ ኪስ ይታሰብ። አራተኛ፣ በየሰፈሩ የቀረችው አንዲት ሜዳ አትታጠር፤ ሰዎች ዳር ወደ ሰፈሩበትም ሜዳና ዛፍ አብሮ ይሂድ።

ሹሞቻችን ደጋግመው «መናፈሻው የሕዝብ ነው» ይሉናል። እንግዲያውስ አባት የሆነ ሰው፣ ኪሱን ሳይዳብስና የትኛውን ልጅ ቤት ልተው ብሎ ሳይቆጥር ይግባበት፤ እኛም ያኔ እናምናለን።

ቸር ሰንብቱ!