በዓልና ሆድ

በዓልን ከሆድ ጋር ብቻ የሚያገናኙ ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ስለነርሱ ብዙ ተጽፎባቸዋል። ነገር ግን ከነርሱ የማይሻሉ ሌሎች ደግሞ አሉ። እነዚህ ጥቂት ፊደል ቆጥረው፣ ጥቂት መጻሕፍት ገልጠው፣ «ሃይማኖት በልብ ነው፤ ወጥ ቤት ምን አግብቶት! የበዓል ምግብ የአሮጊቶች ጉዳይ ነው» የሚሉ ናቸው። ሆዳሙ ቢያንስ ምግቡ መጣፈጡን ያውቃል። አዋቂ ነኝ ባዩ ግን ምግቡ ምን እንደሚናገር እንኳ አይሰማም።

በካቶሊኮች አገር ለየበዓሉ የተመደበ ምግብ አለና ለክርክራችን ከዚያ ምስክር እንጥራ። በሲሲሊያ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ ዲሴምበር 13 ቀን የቅድስት ሉቺያ በዓል ነው። በዚያ ቀን ዳቦና ፓስታ አይበላም። የሚበላው ኩቺያ የሚሉት የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ እኛ ንፍሮ የምንለው መሆኑ ነው፤ እነርሱ ግን ለጋ አይብና ስኳር ይጨምሩበታል። ምክንያቱም እንዲህ ተብሎ ይተረካል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1646 ዓ.ም. ብርቱ ረኃብ ሆኖ ሳለ እህል የጫነ መርከብ በቅድስቲቱ ቀን ወደብ ደረሰ፤ ሕዝቡም ከረኃቡ ጽናት የተነሣ እህሉ እስኪፈጭ መታገሥ አቅቶት እንዲሁ ቀቅሎ በላው። ነገሩ በትክክል እንዲህ ሆኖ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚያስደንቀኝ ማንበብ የማትችል እናት በአንድ ድስት ንፍሮ የአያቶችን ረኃብ ለልጆቿ ማስተማር መቻሏ ነው። ይህን ያህል ዘመን በየዓመቱ ሳይሰለች የተነበበ መጽሐፍ የትኛው ነው?

ከዚህ የሚበልጠው በዚያችው ደሴት ማርች 19 ቀን የሚዘረጋው የቅዱስ ዮሴፍ ገበታ ነው። ቀኑ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋ አይቀርብም፤ ባቄላ፣ አትክልት፣ ዓሣና ልዩ ልዩ ቅርጽ ያለው ዳቦ ይቀርባል። ዮሴፍ አናጢ ነበርና ፓስታው ላይ በአይብ ፈንታ የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል፤ ይህም የሰጋቱራ ምሳሌ ነው። በብዙ ቦታ ስእለት ያለበት ሰው ሀብታም እንኳ ቢሆን ለገበታው የሚሆነውን ከጎረቤት ይለምናል። ባለጠጋ ሰው ቁና ይዞ ዱቄት ሲለምን አስበው! ገበታው ከተሰናዳ በኋላም ከድኾች ልጆች ሦስቱ እንደ ኢየሱስ፣ እንደ ማርያምና እንደ ዮሴፍ ሆነው በር ያንኳኳሉ። ሁለት ጊዜ «ቦታ የለም» ይባላሉ፤ በሦስተኛው ይከፈትላቸዋል። ከዚያ በኋላ እነርሱ ተቀምጠው አስቀድመው ይበላሉ፤ ባለቤቶቹ ቆመው ያስተናግዳሉ። እንግዲህ «ወጥ ቤት ምን አግብቶት» የሚለው ሰው ይምጣና ይህን ገበታ ካየ በኋላ ይንገረን።

ለሆዳሙም መልስ አለን። የፋሲካ እንቁላል ከየት መጣ? ቀድሞ በዐቢይ ጾም ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልም ወተትም ክልክል ስለ ነበር ዶሮዎቹ ግን መጣላቸውን አልተዉምና፣ የተጠራቀመው በፋሲካ ቀን ለሕፃናት ደስታ ሆነ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የቸኮላት እንቁላል ጾሙ ሳያልቅ ገና ከሳምንታት በፊት በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ፋሲካው ሲደርስ ልጁ ጠግቦታል። ያልጾመ አፍ የፋሲካን እንቁላል ከሌላው ቀን እንቁላል በምን ይለየዋል? አርባ ቀን የናፈቀውን የሚያውቅ ግን፣ የእኛም አገር ሰው ከሁለት ወር ጥቂት ቀን በሚጎድለው ጾም በኋላ የመጀመሪያውን የዶሮ ወጥ ጉርሻ ሲጎርስ እንደሚያውቀው፣ ምላሱ ራሱ «ተነሥቷል» ይለዋል።

በገንዘብ ከጾም ማምለጥ ዛሬ የመጣ አይደለም። የሳክሶን ሰዎች በቅቤ ፈንታ በዘይት የሚጋግሩት የገና ዳቦ አልጥማቸው ብሎ ስለ ለመኑ በ1491 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤ ፈቀዱላቸው፤ ፈቃዱ ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ነበር። በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ ካቴድራል ላይ የቆመ አንድ ግንብ ዛሬም «የቅቤ ግንብ» ይባላል፤ በጾም ቅቤ ለመብላት በተከፈለ ገንዘብ ተሠራ ስለሚባል ነው። ያ ግንብ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መክፈል ያልቻለው ድኻ በዘይት መብላቱን እንደ ቀጠለ ልብ በል።

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አቅልላው የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ለላቲን ሥርዓት ተከታዮች የግዴታውን ጾም የአመድ ረቡዕና የስቅለት ዓርብ ብቻ አደረጉት፤ በየዓርቡ ከሥጋ መከልከልም ቀረላቸው አልተባለም። (የግዕዙን ሥርዓት የሚከተሉት ያገራችን ካቶሊኮች የራሳቸው የጾም ሥርዓት አላቸው።) ዳሩ ግን ያው ድንጋጌ ንስሓን አልሻረም፤ ጸሎትንና ምጽዋትን አብሮ አዘዘ። ሰዎች የሰሙት የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አንተ፣ ወደ ወጣቱ አንባቢ ልምጣ። በሲሲሊያም ይሁን በቤትህ፣ ይህ ሁሉ ትምህርት የሚወጣው ከአንዲት ሴት ክንድ ነው። ሊጡን የምታቦካ፣ ሽንኩርቱን እያለቀሰች የምትከትፍ፣ ሌሊት ተነሥታ እሳት የምታነድ እርስዋ ናት። እኅትህ ታግዛታለች። አንተስ? ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ስትከራከር አምሽተህ፣ በበዓሉ ጧት ታጥበህ፣ ነጭ ለብሰህ ገበታው ላይ ትሰየማለህ፤ ወጡ ጨው አነሰው ለማለትም የመጀመሪያው አንተ ነህ። ይባስ ብሎ ዛሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመገበው ፎቶግራፍ ማንሻው ሆኗል። እናትህ ቁጭ ብላ የበላችበትን በዓል ታስታውሳለህን? እርስዋ ማጀት ቀርታ እናንተ የምትጠግቡበት ቀን ለእርስዋ የሥራ ቀን ነው እንጂ በዓል አይደለም። ቢላዋ መያዝ የወንድነት ጉድለት ነው የሚልህ ካለ፣ በየሆቴሉ ነጭ ቆብ ደፍቶ ደመወዝ የሚበላውን ወንድ አሳየው።

የመጨረሻው ማመካኛ ደግሞ «ዛሬ ድኻን የሚመግብ ድርጅት አለ፤ እኔ ገንዘብ ከሰጠሁ ይበቃል» የሚለው ነው። ገንዘቡን ስጥ፤ መልካም ነው። በፖላንድ የገና ዋዜማ ማታ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ሳሕንም ይቀመጥለታል። ድርጅቱ ለድኻው ዳቦ ይሰጠዋል፤ ያንን ወንበር ግን ሊሰጠው አይችልም። ወንበሩ ያለው በቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱም ቆሞ ወጥ እየጨለፈ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ» ሲለው፣ እንግዳው የሚበላው ምግቡን ብቻ አይደለም። በሲሲሊያ ልጆቹ በልተው እስኪነሡ ድረስ የቤቱ ጌታ አይቀመጥም፤ የእርሱ ድርሻ ከነርሱ የተረፈው ነው።