ፈቃዱ የንግድ ነው ወይስ የአፍ?

«ነጋዴ ፖለቲካ የለውም» ይባላል። እኛ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ነጋዴ ልጆች ይህን አነጋገር የሰማነው ባንኮኒ ሥር ተቀምጠን የቤት ሥራችንን ስንሠራ ነው። ደንበኛ የአገር ወሬ ሲጀምር አባቶቻችን «ተወን እባክህ፤ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ!» ብለው ስኳሩን ይመዝናሉ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ዜጋ መብት ፈተና እንፈተናለን። በፈተናው ወረቀት ላይ የምንጽፈውና ባንኮኒው ሥር የተማርነው አልገጥም ስላለን፣ ነገሩን በኅብረታችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ ልናነሣው ወደድን። የምንለው አጭር ነው። ነጋዴው ዝም ያለው ንብረቱንና ልጆቹን ለማዳን ነው፤ ዝምታው ግን ንብረቱን አላዳነለትም፤ እኛ ልጆቹም ከእንግዲህ በስማችን እንዲፈራ አንፈልግም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የተባለው መጣ። ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ አነስተኛው ነጋዴ በቀን ምን ያህል እንደሚሸጥ ገመቱ፤ ግብሩም በዚያው ተሰላ። ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ነጋዴዎች በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ። በእኛም አገር ነጋዴው ለስብሰባ ተጠራ። ከመካከላችን የአንዱ አባት፣ ጨውና ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት የሚቸረችር ሰው፣ በዚያ ስብሰባ እጁን አወጣ። እንዲህም አለ፦ «ገማቾቹ የመጡብኝ በገበያ ቀን ነው። ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ግብሩ ግን የሰባት ቀን ገበያ ሆኖ መጣ። ይሁን፣ ግብር መክፈል ግዴታዬ ነው። ነገር ግን ምክር ቤቱ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ወገን ነው። ታዲያ ስለ እኔ እዚያ ገብቶ የሚናገር ማን ነው?»

እውነቱን ነበር። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች አንዱንም አላገኙም። ሰውዬው ያለው ይኸው ነው፤ ያልሰደበው ሰው፣ ያልዛተበት ሹም አልነበረም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያጨበጨበለትም የተቃወመውም አልነበረም። በማግሥቱ ሚዛኑን የሚመረምሩ መጡ። በሳምንቱ የሱቅህ በረንዳ ወደ መንገድ ገብቷል የሚሉ መጡ። ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ «ነገ ና» ተባለ፤ በነጋታውም መልሱ «ነገ ና» ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የጎረቤቶቹ ነገር ነው። በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ ቡና አብረውት የሚጠጡት ነጋዴዎች በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ደጃፍ ዞሩ። ሌሊት ሚስቱ «ለልጆችህ ስትል ዝም በል» አለችው። ዝም አለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

«ለልጆችህ ስትል!» እንግዲህ ዝም የተባለው በእኛ ስም ነው። ደብተራችንና ጫማችን፣ ወደዚህ ያመጣን የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ በዚያ ዝምታ ተከፍሏል። ስለ ነጋዴው ፍርሃት ስንጽፍ በሩቅ ቆመን የምንፈርድ አይደለንም፤ የፍርሃቱ ምክንያት ሆነን ያደግን ነን። ስለዚህም ነው ሒሳቡን የማየት መብት አለን የምንለው። ይህ ዝምታ ስንት ተከፈለበት? ምንስ ተገዛበት?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሱቃቸው አመድ የሆነባቸው ሰዎች የፖለቲካ ተናጋሪዎች ነበሩን? አብዛኞቹ እንደ አባቶቻችን ስኳር የሚመዝኑ፣ ጨርቅ የሚለኩ፣ ሻይ የሚያፈሉ ነበሩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሱቆች ሲዘረፉ፣ ዘራፊው ባለሱቁን «በስብሰባ ላይ ተናግረህ ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። የተናገረውም ዝም ያለውም መደርደሪያው እኩል ባዶ ሆነ። አዲስ አበባ ላይም በ2013 ዓ.ም. ክረምት የብዙ ትግራውያን ንግድ ቤቶች ሲዘጉ ባለቤቶቹ የተጠየቁት ስለ ተናገሩት ነገር አይደለም፤ በትውልዳቸው ነው። ወደ ኋላም ብንመለስ ያው ነው። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የነጋዴውን ካፒታል በጣሪያ ሲወስን፣ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ አይኖረውም ሲል፣ ቀጥሎም የእህል ንግዱን በኮታና በኬላ ሲያንቅ የነጋዴውን ምክር አልጠየቀም። ያ ሥርዓት የላላው በ1982 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ነጋዴው ዝም ብሎ ነበር። ዝም ያለ አፍ ውስጥ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እሳት ግን ገብቷል።

ደግሞስ ነጋዴው በእውነት ከፖለቲካ ውጭ ኖሯል? ይህ ሐሰት ነው። መዋጮ ሲጠየቅ ከፍሏል። የበዓል ሰንደቅና የድጋፍ ሰልፍ ከነፍ እንዲሰቅል ሲታዘዝ ሰቅሏል። መንገድ የዘጋ ባለጠመንጃ ሲጠይቀውም ከፍሏል። ለመጣው ሁሉ ሲከፍል የኖረ ሰው ከፖለቲካ ራቀ አይባልም፤ ገንዘቡ ገብቶ አፉ ውጭ ቀረ እንጂ። ይባስ ብሎ፣ ነጋዴውን ፖለቲካ አያምርብህም ሲሉት የኖሩት ፖለቲከኞች ራሳቸው ሲነግዱ ኖረዋል። በኢሕአዴግ ዘመን ትእምት፣ ጥረትና ዲንሾ የተባሉት ትላልቅ የንግድ ተቋማት በግንባሩ አባል ድርጅቶች ዙሪያ የተመሠረቱ እንደ ነበሩ አገር ያውቃል። ፓርቲ ሲነግድ ነውር ካልሆነ፣ ነጋዴ አቋም ሲኖረው ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ሕጉማ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት የመያዝ፣ ሐሳቡንም የመግለጽ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል። «ከባለሱቅ በቀር» የሚል ቃል አልተጻፈበትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት የንግድ ፈቃድ ነው፤ የማሰብ ፈቃድ ወይም የመናገር ፈቃድ አይደለም። የንግዱ ፈቃድ የአፍ ልጓም እንዲሆን ያደረገው ሕጉ ሳይሆን ልማዱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ውዝግብ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቃቸውን በተቃውሞ ለዘጉ ሰዎች የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ምን ነበር? ፈቃዳችሁን እንነጥቃለን የሚል ነው። ልማዱ እንዲህ ነው የሚለመደው።

መናገር ዋጋ የለውም አንልም፤ ዋጋ አለው። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል የራሳቸው የምህንድስና አማካሪ ድርጅት የነበራቸው ሰው ነበሩ። ድርጅታቸውን እየመሩ በሰላም መኖር ሲችሉ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆኑ፤ በ1998 ዓ.ም. ታሠሩ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በ1999 ዓ.ም. ክረምት በይቅርታ ወጡ። በአቋማቸው መስማማት ወይም አለመስማማት የየራሳችን ነው። ነገር ግን ባለድርጅት ሆኖ አቋምን በስም መናገር እንደሚቻል፣ ዋጋውም ምን ያህል እንደሆነ፣ ከእርሳቸው ታሪክ እንማራለን።

አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ዋጋው ከባድ ነው፤ ብዙዎች ሲናገሩ ይቀልላል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ባለታክሲና መምህር በአንድ ቀን አንድ ላይ በመቆማቸው መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ መምህራኑ የተቃወሙትን የትምህርት ዕቅድም አቆየው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን ብዙ ሺህ ሆነው ለሃይማኖት እኩልነት አዲስ አበባ ላይ ተሰለፉ፤ ለሃይማኖት እኩልነት የሚታገሉ ክርስቲያኖችም ከጎናቸው ነበሩ። ንግድ የኑሯቸው ዐምድ የሆነ የይፋት ሙስሊሞችና አርጎባዎች የዚያን ሰልፍ ፍሬ ዛሬ በበዓሎቻቸው ቀን ያዩታል። ከአገራችን ውጭም እ.ኤ.አ. በ1948 በአክራ ከተማ ኒ ክዋቤና ቦኔ የተባለ አለቃና ነጋዴ የውጭ ኩባንያዎች ዋጋ እንዲቀንሱ በስሙ ጠየቀ፤ ሕዝቡም ዕቃቸውን አልገዛም ብሎ ከጎኑ ቆመ፤ ኩባንያዎቹ በመጨረሻ ተደራደሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። የኛ አባት በ2009 ዓ.ም. የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ የጎደለው ከኋላው እጁን የሚያወጣ ሁለተኛ ሰው ነበር።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን። አንደኛው፣ ነጋዴ ሁሉን ያስተናግዳልና ወገን መለየት የለበትም የሚለው ነው። እኛም እንዲህ እንላለን፦ ለሁሉም ይሽጥ፣ በአንድ ሚዛን ይመዝን፣ በአንድ ዋጋ ያስከፍል። በደንበኛው ብሔር ወይም ሃይማኖት ወይም ፓርቲ ምክንያት ዕቃ የሚከለክል፣ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ አቋም ያለው ሰው ሳይሆን ግፈኛ ነው። አቋም በአፍ ይነገራል፤ በሚዛን አይነገርም።

ሁለተኛው፣ ነጋዴው ማኅበር አለው፣ ማኅበሩ ይናገርለት የሚለው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ድልድይ እንዲሆኑ ያስባል። ድልድይ ግን ከሁለቱም ዳር የሚሻገሩበት ነው። ሰርኩላር ብቻ ወደ ታች የሚወርድበት፣ ቅሬታ ወደ ላይ የማይወጣበት ነገር ድልድይ ሳይሆን አሸንዳ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ደም ፈስሷል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በተጀመረው የጅምላ እስራት ምሁራን፣ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና የመንግሥት ሠራተኞች ተይዘዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጠቀሳቸው አራት ትላልቅ የማጎሪያ ቦታዎች አንዱ ያለው በእኛው በሸዋ ሮቢት ነው። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ከቂሊንጦ ቃጠሎ በኋላም ወደ ሸዋ ሮቢት የተወሰዱ እስረኞች የደረሰባቸውን ሥቃይ በኋላ በፍርድ ቤት ተናግረዋል። ከተማችን ለእስረኛ ጠያቂ ዳቦና ሻይ ስትሸጥ የኖረች ከተማ ናት። በሌላው በኩል ደግሞ ሹፌርና ነጋዴ እያገተ ገንዘብ የሚጠይቅ ባለጠመንጃ አለ። ታዲያ በዚህ መካከል አባቶቻችንን «ውጡና ጩኹ» ብለን ከዶርሚተሪ አንገፋፋም። የሰውን ደረት ለጥይት ማበደር ጀግንነት አይደለም። ጊዜና ቦታ መምረጥ የራሳቸው ነው። «አልችልም፣ ዛሬ አደጋ አለው» ማለትና «አያገባኝም» ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሐቅ ነው፤ ሁለተኛው የአድር ባይነት መጀመሪያ ነው።

የእኛ ድርሻስ? ተማሪ ሌላውን «ተናገር» እያለ ራሱ ከተሸሸገ ቃሉ ገለባ ነው። ስለዚህ የኅብረታችንን አባሎችና መምህሮቻችንን የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ፈቃድ እድሳት፣ ስለ ግብር ቅሬታና ስለ ይግባኝ ሕጉ የሚለውን ነጋዴው በሚገባው አማርኛ ጽፈው ያዘጋጁ፤ እኛ በእረፍት ስንሄድ ይዘን እንገባለን፤ ለኦሮሞና ለአርጎባ ጎረቤቶቻችንም በየቋንቋቸው ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በኅብረታችን ውይይት ላይ ነጋዴዎችን በእንግድነት እንጋብዝ፤ ገዢውን ፓርቲ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም እኩል እናድምጥ። ሦስተኛ፣ በመናገሩ ምክንያት የተንገላታ ነጋዴ ካለ፣ አቋሙን ብንጠላውም እንኳ፣ በርጩማችንን ይዘን ደጃፉ ላይ እንቀመጥ፤ ከሱቁ እንግዛ፤ ሲጠራም ምስክር እንሁን። በ2009 ዓ.ም. ያጣነው ይህችን በርጩማ ነው።

ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ለእኛ ስትሉ ዝም ብላችኋል፤ እናመሰግናለን፣ አሳድጋችሁናል። አሁን ግን አድገናል። ከእንግዲህ መናገር በፈለጋችሁ ቀን «ለልጆቼ ስል» የሚለውን ምክንያት መልሱልን፤ ሸክሙን እኛ እንያዘው።

ስማችንን በዚህ ጽሑፍ ግርጌ ያልጻፍነው ለመሸሸግ አይደለም። የስድስታችንም ስም በኅብረቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የማይስማማ ቢኖር ይምጣና በግልጽ ይከራከረን።

ከይፋት ቆላ የመጣን የኅብረቱ አባሎች